የማሻገር መብት

ትሬንት ወንዝ ዳር፣ ውኃው ደፍርሶ በሚያልፍበት፣
ሃዊዝ የምትባል፣ ባሏ የሰጠመባት ሴት፣
አንዲት የበግ ቆዳ ነበረቻት፣ ጽሑፍ ያለባት።
ማንበብ አትችልም። ጣቷን ግን ታሳርፋለች
ከአረንጓዴው ሰም ላይ፤ ንጉሡን ትዳስሳለች፤
አፍንጫው ተሸርፏል፤ ዙፋኑን ታገኛለች።

«ከወፍጮው ጀምሮ እስከ ኦክ ዛፉ ጥላ፣
ሰው የሚያሻግር ከሃዊዝ በቀር ሌላ
አይኑር። እግረኛ ሩብ ፔኒ፣ ፈረሰኛ አንድ ይክፈላ።»

ፍራንቻይዝ ይሉታል፣ ይህንን ስጦታ።
ቃሉን ልላጠው እስቲ፣ ቀስ ብዬ በተርታ።
ከሥሩ ሕዝብ ወጣ፣ መጥረቢያ ያነገበ፣
ፍራንክ የሚባል፣ አገር በጉልበት የሰበሰበ።
ሌላው ሲገብር እሱ ቀረና ሳይገብር፣
ስሙ «ነጻ» ማለት ሆነ፣ ባደረበት አገር።
ያው ቃል በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ
እኛ አፍ ላይ ሲደርስ ፈረንጅ ሆነ፣ ቀረ አድሮ፤
ኪሳችን ሲገባም ፍራንክ ሆነ፣ ሳንቲም፤
ከነጻነት ተወልዶ፣ በነጻ አይገኝም።

ግን ያንዷ ነጻነት ለሌላው አጥር ነው።
ኦስበርን፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጎረቤቷ የሆነው፣
አንድ የጥር ሌሊት፣ በረዶ በጣለበት፣
አዋላጅ አሻገረ፣ ምጥ ለያዛት ሴት።
ሳንቲም አልተቀበለም። ሃዊዝ ግን ከሰሰች፤
«ወንዙ የእኔ ነው» ብላ ብራናዋን ዘረጋች።

ዳኛው ሰሙን አየ። «በማን ፈቃድ?» አለ፤
(ያ ጥያቄ በዚያ ዘመን ስንቱን ባላባት ነቀለ!)
«ፈቃዱስ አለሽ፤ ግና ታንኳሽ የት ነበረች?
ምጥ ቀን ይመርጣል ወይ? ሴቲቱ ስትጮህ ማንን ጠበቀች?
ንጉሥ ወንዝ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሥራ ነው፤
ተኝቶ ያደረ መብት፣ ሲነጋ የማን ነው?»

ሃዊዝ አልመለሰችም። ከዚያች ዕለት በኋላ
ፋኖስ ሰቀለች አሉ፣ ከታንኳዋ ባላ።

ወንዙ ወረደ፣ ወረደ። ቃሉም ከታንኳ ወረደና
ድምፅ መስጠት ተባለ፣ አዲስ ልብስ ለበሰና።
የሚለካው ግን በቤት ነበር፤ ዋጋው አሥር ፓውንድ ከሞላ፣
ሰው ነህ፣ ምረጥ፤ ካልሞላ፣ ሂድ ወደ ኋላ።
ጃቤዝ ታንኳ ሠሪው ቤቱን አስገመተ፤
ዘጠኝ ፓውንድ ከአሥራ ዘጠኝ ሽልንግ ተባለ፣ ተመለሰ፣ ሳይመርጥ ሞተ።
አንዲት ሽልንግ! አንድ የመስኮት መዝጊያ ባበጀ ኖሮ!
ሚስቱ ኬዚያ ግን፣ ማንም አልገመታት፣ በሊቃም በእንክርዳድም ቆጥሮ።

አሁን ድልድይ አለ። ከድልድዩ ሥር ቀይ መብራት፤
ፓርሚንደር ዶሮ ትጠብሳለች፣ በሰው ስም፣ በሰው ቅባት።
መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ፈርማለች ባንድ ቀን፤
የዘይቱን ሙቀት፣ የሽርጡን ቀለም፣ የጨውን መጠን፣
«እንኳን ደህና መጡ» የሚባልበትን ቃና።
በሦስት ማይል ዙሪያ ሌላ አይከፈትም፣ ይህም አለና
ሳቅሁ ሳነበው፤ ያው ወፍጮ፣ ያው ኦክ ዛፍ አይደለም?
እናቷ ከጃላንደር ያመጣችው ቅመም
ክልክል ነው፤ አንቀጽ አርባ፣ «ያልተፈቀደ ጣዕም»።
«ነጻ ባለሱቅ» ይላታል ውሉ።
ድርሻውን ልካ፣ ብድሩን ከፍላ፣ ማታ ስትቀመጥ
ጣቷ እዚያ ቃል ላይ ያርፋል።
ማንበብ ትችላለች።

ትናንት ከመዝጊያው ወዲያ፣ ዝናብ እየዘነበ፣
አንዲት አዋላጅ በሩ ላይ ቆመች፣ መንታ አዋልዳ፣ ሆዷ እንደተራበ።
ፓርሚንደር ቀዩን መብራት አጠፋች፤ እሱ የኩባንያው ነው።
የጓዳውን አበራች፤ ያ የራሷ ነው።
ከመሳቢያው ጥግ ቆርቆሮ አወጣች፣ ቅመሙን በተነች፤
ሳንቲም አልተቀበለችም።
አዋላጇ በላች፤ አፏ ተቃጠለ፤ ሳቀች።

ውጭ ወንዙ ያልፋል፣ ደፍርሶ፣ እንደ ጥንቱ፤
«በማን ፈቃድ?» ያላት የለም በሌሊቱ።